እሳት የማይበላው ድንኳን

የመርሳ ከተማው ቅሬያችን ሙሉወርቅን የቀጣት ድንኳን ውስጥ አልተቀመጥሽም ብሎ ነው። ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ወሎዎች ቅሬ እንለዋለን፤ ስሙ ይለያይ እንጂ ሥራው አንድ ነው፤ ሲሞቱ መቅበር፣ ሳይሞቱ መቅጣት። ድንኳኑ ምን ስላደረጋት እንደማትቀመጥበት የማያውቅ አባል የለም። ግን ደንብ ደንብ ነው፤ ደንብ ደግሞ እንደ ሰው ገላ አይቃጠል፣ አያመው። በዚያ የሐምሌ እሑድ ጧት የቅሬው ለፋፊ ሲሳይ በሯ ላይ ቆሞ፣ እሷ ብቻ ሳትሆን ወልድያም ድረስ እንዲሰማ አድርጎ ለፈፈ፦ «ወይዘሮ ሙሉወርቅ! ዛሬ ጠቅላላ ስብሰባ ነው! አዲሱ ድንኳን ይመረቃል! ከድንኳኑ ውጭ የተቀመጠ እንዳልመጣ ይቆጠራል! እርስዎ ዛሬም ካልገቡ ከቅሬው ይሰረዛሉ ተብሏል!» ለፍፎ ሲጨርስ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ምን ላድርግ እትዬ ሙሉ፣ በል ያሉኝን ነው። የተረፈ ማንጎ አለ እንዴ?» ሙሉወርቅ ሁለት የበሰለ መርጣ ሰጠችው። እየመጠጠ ወደሚቀጥለው በር ሄደ።

ነገሩ እንዲህ ነው ልጆቼ። አምና አንድ ሽማግሌ ሞተውብን ለቅሶ ተቀምጠን ነበር። የንፍሮው ምድጃ ለሴቶቹ ቅርብ እንዲሆንላቸው ተብሎ ከድንኳኑ ጥግ ተጎልቷል። ነፋስ መጣና የድንኳኑን ጫፍ አንስቶ እሳቱ ላይ አሳረፈው። ያ ድንኳን የሚያብለጨልጭ ፖሊስተር ነበር፤ በአንድ ትንፋሽ ተያያዘ። ወንዶቹ ቀድመው ወጡ፤ ወንድ ለቅሶ ቤት ሲቀመጥ በር በሩን ይዞ ነው። ሙሉወርቅ ግን ዓይናቸው የማያይ አንዲት አሮጊት እየጎተተች ስታወጣ ዘገየች። ጣራው እየቀለጠ ያንጠባጥብ ጀመር። አንዱ ጠብታ ግራ ክንዷ ላይ አረፈ፣ ሌላው ተከተለ፤ ጨርቁን ሊያነሱላት ሲሞክሩ ቆዳዋን ይዞ ተነሣ። ወልድያ ሆስፒታል ከርማ ስትመለስ ክንዷ ከክርኗ እስከ አንጓዋ ነዶ ያለቀ ሻማ መስሎ ነበር። ቅሬው በጠቅላላ ስብሰባ ምስጋና አቀረበላት፤ ቆመን አጨበጨብን። ጭብጨባው ሲያልቅ ቅጣቱ ጀመረ።

ምክንያቱም ከዚያ ወዲህ ድንኳን ውስጥ አልገባም አለች። ከለቅሶ አልቀረችም፤ ውሃ ትቀዳለች፣ እንጨት ትሸከማለች፣ ከሁሉ በላይ ታለቅሳለች። የለቅሶው ድንኳን የሚተከለው ከቅሬው ግቢ ነውና፣ መቀመጫዋ የቅሬው ዕቃ ቤት ታዛ ሥር ያለችው ድንጋይ ሆነች። የቅሬው ዳኛ አያሌው ደግሞ የሟች ባሏ ታላቅ ወንድም ነው። ዘመድ ስለሆነች አዳላ እንዳይባል፣ ዘመድ ስለሆነች አጥብቆ ቀጣት። ይህም ፍትሕ ይባላል። ከቅሬ መሰረዝ ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ ማኅበር ቢያስወጣችሁ ሌላ ማኅበር ይገኛል፤ ከቅሬ የወጣ ሰው ሲሞት ግን ጥሩንባ አይነፋለትም፣ ትከሻውን የሚሰጥ የለም። ሙሉወርቅ ቅጣቱን ሁለት ጊዜ ከማንጎዋ ሽያጭ ከፍላ ዝም አለች። ስለ መሰረዙ ስትሰማ ግን ለጎረቤቷ፣ «ኑሮውንስ ለብቻዬ ችዬዋለሁ፤ ስሞት በማን ትከሻ ልሂድ?» አለቻት።

ቤቷ አንድ ክፍል ነው። አልጋዋ በመጋረጃ ተከልሏል፤ ከመጋረጃው ወዲህ የማንጎና የፓፓያ ካርቶኖች፣ አንድ ወንበር፣ አንድ በርጩማ፤ ግድግዳው ላይ የባሏና የአያሌው ፎቶ። ሁለቱ ወንድማማቾች ጎን ለጎን ቆመው፣ ታላቅየው እጁን በታናሹ ትከሻ ላይ ጥሏል። ሙሉወርቅ ከአያሌው ጋር ከእግዚአብሔር ይመስገን ያለፈ ነገር ከተነጋገረች ዓመት ቢሞላትም ፎቶውን አላወረደችውም። ብታወርደው ባሏም አብሮ ይወርዳል። ከፎቶው ሥር በዚያ ጧት ልጇ ፌቨን ተቀምጣለች። ፌቨን ኬሚስትሪ ተምራ የፖሊስተር ክር ከሚሠራ ፋብሪካ ተቀጥራ ነው የምትኖረው፤ ማታ በመጨረሻው ሚኒባስ ነበር የገባችው። ድንኳኑን ያመጣችው እሷ ናት። የእናቷን ክንድ ካየች ጀምሮ ሌላ ነገር አላሰበችም፤ ፋብሪካዋ እሳት የማያያዘውን ጨርቅ ሲጀምር አለቆቿን ለምና፣ ከደመወዟ እየተቆረጠ፣ ጥቅሉን በአይሱዙ ጭና ላከችው። ቅሬው ስጦታውን በደስታ ተቀበለ። የሰጪዋን እናት የሚቀጣው ደንብ ግን ከስጦታው ጋር ስለማይገናኝ ባለበት ቀጠለ።

«እማዬ፣ ዛሬ ትገቢያለሽ» አለች ፌቨን።

«ያው ጨርቅ አይደል?»

«ጨርቅ ነው፤ ግን እንደዚያኛው አይደለም። ፎስፈረስ አለበት።»

«ላይ ላዩን ቀብታችሁት?»

«ቢቀባማ በሁለት ክረምት ታጥቦ ያልቅ ነበር። ጨው ቂጣ ላይ መነስነስና ሊጥ ውስጥ አብሮ ማቡካት አንድ ነው? እኛ ፖሊስተሩ በትልቁ ጋን ሲፈላ ነው ፎስፈረስ ያለበትን ውህድ የምንጨምረው። አብሮ ይበስላል፣ ከውስጡ ይተሳሰራል። ከዚያ በኋላ ነው በቀጫጭን ቀዳዳ ተገፍቶ ክር የሚሆነው። ቢታጠብም፣ ፀሐይ ቢመታውም አይለቅም።»

«እሳት ሲነካውስ?»

ፌቨን የሻይ ብርጭቆዋን አነሣች። ለደንበኛ የሚባል አለ፣ ለእናት የሚባል አለ። «አይያያዝም። ከእሳቱ ይሸሻል፤ የነካው ቦታ ይቀልጥና ነበልባሉን ይዞት ጠብ ይላል። እዚያው ይጠፋል።»

«ጠብ ይላል?»

«ይጠፋል እኮ እማዬ።»

«ሲጠፋ ይበርዳል?»

ፌቨን ሻይዋን አማሰለች፤ ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል።  ከዚያ ልጅቷ እየተጣደፈች፣ ምድጃ አጠገቡ እንዳይደርስ፣ ማብሰያው ከግቢው ማዶ እንዲሆን፣ ማንም በእሳት እንዳይሞክረው ለጋሼ አያሌው አንድ በአንድ እንደነገረችው፣ እሱም እሺ እንዳላት አወራች። ሙሉወርቅ የረጅሙን እጅጌ ቁልፍ ቆለፈች፤ በመርሳ ሙቀት እጅጌ ረጅም የምትለብስ እሷ ብቻ ናት። «እንግዲያስ እገባለሁ» አለች። «ለጨርቁ ብዬ አይደለም። ላንቺና ለሬሳዬ ብዬ ነው።»

ምስኪን ፌቨን! ሳይንሱን ተምራ የአገሯን ሰው ረስታለች። በእኛ ገበያ ጨርቅ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ዋጋ አይጠይቅም፤ ከጨርቁ ጠርዝ ክር ይመዛል፣ ክብሪት ይጭራል፣ ያቃጥላል፣ ያሸታል። አመድ ከሆነ ጥጥ ነው፤ ተኮማትሮ እንደ ዶቃ ከጠጠረ ናይለን ነው፤ ከዚያ በኋላ ነው የዋጋው ጠብ የሚጀመረው። እናቶቻችን የሙሽራ ልብስ እንኳ ሳይለኩሱ አላስገቡም። በእሳት ያልፈተንነውን ጨርቅ እግዜርም ቢያመጣልን አናምንም። ለእንዲህ ያለ ሕዝብ «ይህ ጨርቅ እሳት አይዘውም፣ ግን እንዳትሞክሩት» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ልጆቼ እናንተው አስቡት።

እናትና ልጅ አብረው ወጡ። በመንገዱ ላይ ስለ ማንጎ ተጨዋወቱ፤ ኪሎው መርሳ ላይ ሰባ ብር ሆኖ ሳለ ወልድያ ላይ እንዴት መቶ ሃያ እንደሚሆን፣ የጎረቤታችን የግራና ከተማ ነጋዴዎች ሳይበስል ለቅመው ገበያውን እንዴት እንዳበላሹት። ስለ ድንኳን አልተነሣም። ሰማዩ በምዕራብ በኩል ጠቁሯል፤ ሙሉወርቅ ቀና ብላ አይታ፣ «ከቀትር በፊት ይመጣል» አለች።

ድንኳኑ የቅሬው ግቢ መካከል ተተክሏል። እውነቱን ለመናገር ያምር ነበር። የሰፋው የመርሳው ልብስ ሰፊ ሙሐመድዘይን ነው፤ ስፌቱን ሁለት ሁለት ጊዜ ሄዶበታል፣ መሬቱ ላይ ቄጠማ ተጎዝጉዟል፣ አግዳሚዎቹ ተደርድረዋል። አያሌው ካፖርቱን ደርቦ፣ ከዘራውን ይዞ ከመካከል ቆመ። «ወገኖቼ» አለ፣ «ይህ ድንኳን እሳት አይበላውም! ከእንግዲህ በዚህ ቅሬ ሰው በሕመም ይሞታል፣ በእርጅና ይሞታል፣ ድንኳን ውስጥ ተቃጥሎ ግን አይሞትም!» ይህን የመሰለ ተስፋ ሰምተን ስለማናውቅ አጨበጨብን። አምና ስለተቃጠለችው ሰው ቃል አልወጣውም። ሙሉወርቅ ገና ከግቢው በር ቆማ ነጠላዋን ታስተካክላለች።

«ምን አለበት ነው ያላችሁት?» አለ አንዱ ከኋላ።

«ፎስፈረስ» አለች ፌቨን።

«ክብሪት ላይ ያለው? እንዴ! በክብሪት እሳት ልታጠፉ!»

ሳቅ ሆነ። ዓለምነህ ተነሣ። ዓለምነህ ሲሪንቃ ከእርሻ ምርምሩ ግቢ ዘበኛ ሆኖ ስለሠራ በቅሬው ውስጥ ዶክተር ነው የሚባለው፤ የሚታመነውም ከእውነተኞቹ ይልቅ ነው፤ እነሱ አናውቅም የሚሉት ነገር አለ፣ እሱ የለውም። «ፎስፈረስማ እኛ ጋ ማዳበሪያ ነው» አለ። «ሥር ያጠነክራል።»

«እንግዲያ ካስማው ሥር ሳይሰድ እንንቀለው!»

«ተዉ እንጂ፣ እስኪ ያፍራ!»

ፌቨን የሊጡንና የጨውን ነገር ልታስረዳ አፏን ስትከፍት አያሌው ከኪሱ ላይተር አወጣ። «ጋሼ፣ እባክዎ፣ ነግሬዎት ነበር» አለችው። «አንዴ ብቻ፣ ለምስክር» አላትና ከጠርዙ አስጠጋ። ጨርቁ ተሸበሸበ፣ ወደ ኋላ ሸሸ፣ አንድ ጥቁር ጠብታ ወረደች፣ ነበልባሉ ጠፋ። የአውራ ጣት የምታህል ቀዳዳ ቀረች። ግቢው በእልልታ ተናጋ። እዚያ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ይህን ታሪክ ባላወራኋችሁ። ግን ከፊተኛው አግዳሚ አንዱ ተነሥቶ፣ «ዳኛው የሞከረው ጠርዙን ነው፤ ጠርዙን ሆን ብለው አጠንክረውት ይሆናል» አለና መካከሉን ሞከረ። ጠፋ። ሦስተኛው በሌላ ሰው ዓይን እንደማያምን ተናግሮ የራሱን ቦታ መረጠ። ሰው የሞከረበትን ደግሞ የሚሞክር የለም፤ ያ ቦታ የተዘጋጀ ነው ተብሎ ይጠረጠራል። ላይተር የሌለው ከሲሳይ ተዋሰ፤ ሲሳይም እንደሚያዋጣው ስላየ አጠገቡ ካለው ሱቅ ሮጦ ገዝቶ በአምስት ብር ትርፍ ይሸጥ ጀመር። በጥቂት ጊዜ ውስጥ ግድግዳው በሙሉ የቀዳዳ ሰልፍ ሆነ። እያንዳንዱ ሰው እሳቱ ሲጠፋለት ድንኳኑን ራሱ የሠራው ይመስል ወደ ጎረቤቱ ዞሮ አንገቱን ይነቀንቃል።

«ያ ጀማዓ!» አለ ሙሐመድዘይን፣ ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ እየተሯሯጠ። «ወላሂ እሳትስ አይበላውም፤ እናንተ ናችሁ የበላችሁት! ስፌቴን ተዉልኝ እንጂ!»

ፌቨን ደግሞ የአንዱን ሽማግሌ እጅ ይዛ፣ «አባባ ይተዉ፣ ይበቃል፣ አይነድም አልኩ እኮ!» እያለች ታለቅስ ነበር። ሽማግሌው በርኅራኄ አዩአት። «ልጄ፣ ምን ያስለቅስሻል? አንቺ ያልሽው እውነት መሆኑን እኮ ነው እያረጋገጥንልሽ ያለነው።»

በዚህ መካከል ሙሉወርቅ መጣች። ሰው ሁሉ ከግድግዳው ጋር ሥራ ላይ ስለነበረ ልብ ያላት ጥቂት ነው። በሩ ላይ ቆመች፤ ነጠላዋን በግራ ክንዷ ላይ ጠቀለለች፤ አማተበችና ቀኝ እግሯን አስገባች። ከዚያም ግራውን። ፌቨን እንባዋን ጠርጋ እጇን ዘረጋችላት። ገብታ ነበር ልጆቼ፤ ይህን እኔ ራሴ አይቻለሁ። ዶክተር ዓለምነህ ግን በዚያች ደቂቃ አግዳሚ ላይ ወጥቶ ነበር። «ጎኑስ እሺ፤ ለጣራው ምን ዋስትና አለን?» ብሎ የተጠቀለለ ጭድ ለኩሶ ወደ ላይ አነሣው። ጣራው ሸሸ፣ ተከፈተ፣ የምጣድ ክዳን የሚያህል ሰማይ ታየ። እሳቱም ፌቨን እንዳለችው ጠፋ። ጠብታው ግን ወረደ፤ በእናትና በልጅ እጆች መካከል አልፎ ቄጠማው ላይ አረፈ። ነበልባል የለውም፤ ጥቁር ነው። ቄጠማው ጺስ ብሎ ጨሰ።

ሙሉወርቅ አልጮኸችም። ጠብታውን አየችው፣ ልጇን አየቻት፣ ዞራ ወጣች። ከታዛው ሥር ካለችው ድንጋይዋ ላይ ተቀመጠች፤ ነጠላውን ከክንዷ ፈትታ ጭኗ ላይ አጠፈችው። ፌቨን ተከትላት ወጥታ እግሯ ሥር ቁጢጥ አለች። «ልክ ነበርሽ» አለቻት። «አይነድም ብዬ ነው የደከምኩት። ጠብታውን እያወቅሁት ተውኩት።» እናቷ ፀጉሯን ዳሰሰች። «አብሽሪ። አልነደደም እኮ» አለቻት።

አያሌው ጭብጨባው እስኪያልቅ ጠብቆ ወደ በሩ መጣ። እሱ ከውስጥ፣ እሷ ከውጭ፤ በመካከላቸው ከአሥር እርምጃ የማይበልጥ ጭቃ።

«ገብተሽ ነበር እኮ፣ ሙሉ» አለ።

«ገብቼ ነበር፣ አያ አያሌው። ወጣሁ።»

ሌላ የሚባል ነገር የነበረ ይመስለኛል። ከንፈሩ ተንቀሳቅሶ ነበር። ነገር ግን ከኋላው ቅሬው በሙሉ ያየዋል፤ ዳኛ ደግሞ ከኋላው ሰው ካለ ከፊቱ ያለው ሰው አይታየውም። ወደ ውስጥ ተመለሰና ጉሮሮውን ጠረገ። ደንቡን በቃሉ ወጣው፤ ሙሉወርቅ ከድንኳኑ ውጭ ስለተቀመጠች እንዳልመጣች እንደሚቆጠር፣ ይህም ሦስተኛ ጊዜዋ እንደሆነ፣ ዘመዱ ብትሆንም ሕግ ዘመድ እንደሌለው ተናገረ። «ትሰረዝ የምትሉ እጅ አውጡ!»

መጀመሪያ ማንም አላወጣም። ከዚያ አንዱ አወጣ፤ እሱን ያየ ሌላው አወጣ፤ የእኛ ሰው እንደሆነ እንኳን በክፋት፣ በይሉኝታም ሰው ይሰርዛል። እጆቹ አንድ ባንድ ከፍ እያሉ ሳለ ሰማዩ ተሰነጠቀ። የሐምሌ ዝናብ አያስጠነቅቅም፤ አንዴ ነው የሚገለበጠው። ውሃው የመጀመሪያውን ቀዳዳ አገኘ፣ ከዚያ ሁለተኛውን፤ ዶክተሩ የከፈተው መስኮት እንደ ቧንቧ ወረደ። ለመሰረዝ የተነሣው እጅ ሁሉ ለራሱ ጭንቅላት መከለያ ሆነ። «ኧረ ኮቴ!» «ኧረ ስልኬ!» እያለ ቅሬው በሙሉ በአንድ በር ፈሰሰ፤ እንደ አምናው ወንዶቹ ቀድመው። የት ይሂዱ? በግቢው ውስጥ ከዕቃ ቤቱ ታዛ በቀር መጠለያ የለም። ተጋፍተው፣ ግድግዳ ለጥፈው፣ የሙሉወርቅን ድንጋይ ከግራም ከቀኝም ከበው ቆሙ። ሙሐመድዘይን ከውስጣቸው ሆኖ ከድንኳኑ ላይ ዓይኑን ሳይነቅል፣ «ሱብሃነላህ፣ ሱብሃነላህ» ይላል።

አያሌው ብቻ ቀረ። ዳኛ ነውና ከድንኳኑ አልወጣም አለ። ሲያንጠባጥብበት አንድ እርምጃ ወደ ጎን ይላል፤ እዚያም ሌላ ሰው ሞክሮበታል። ከዘራውን ተደግፎ፣ ያልተበሳ ቦታ ፍለጋ፣ በማዕረግ እየተንቀሳቀሰ ድንኳኑን አዳረሰ። አንድ እንኳ ሳንሞክረው አምነን የተውነው ቦታ አልነበረም። በመጨረሻ ካፖርቱን ራሱ ላይ ጥሎ በጭቃው ውስጥ መጣ። ሰው ሁሉ ወደ ጎን ቢጠጋጋም ክፍት የቀረው ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ ከድንጋዩ ጫፍ፣ ከሙሉወርቅ በግራ በኩል።

ሙሉወርቅ ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው። «አያ አያሌው» አለች፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ፣ «አንቱ ከድንኳን ውጭ ነዎት።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ሲሳይ ሳቁን ይዞት ትከሻው ይንቀጠቀጣል።  «እስኪ ይጠጉ፣ ጎርፉ እግርዎን ሊወስደው ነው» አለችና ጠጋ ብላ ቦታ አስፋችለት። ተቀመጠ። ድንጋዩ ጠባብ ስለሆነ የራሰው ትከሻው ከግራ ክንዷ ጋር ገጠመ። የእጅጌዋ ቁልፍ በግርግሩ ተበጥሷል፤ አያሌው ዓመት ሙሉ ያላየውን ነገር ከስንዝር በማይበልጥ ርቀት አየው። ወደ እሷ ጎንበስ ብሎ፣ ለእሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «ያምሻል?» አላት።

«ሲበርድ» አለችው።

አያሌው ከላዩ ካፖርቱን አወረደ። ከውጭ ቢርስም ውስጡ ደረቅ ነበር፤ ገልብጦ ክንዷ ላይ ጣለላት። ከዚያ ሰው ሁሉ እንደሚያየው ትዝ አለው መሰለኝ፣ ፊቱን አጠቆረና ከዘራውን መታ መታ አደረገ። «ሲሳይ!»

«አቤት ጋሼ!»

«ለፍፍ።»

«ምን ብዬ?»

አያሌው ማዶ ያለውን ድንኳን አየ፤ ቆሞ ውሃ ይጠጣል፣ አንድም ቦታ አልተቃጠለም። «ታዛውም ድንኳን ነው በል» አለ። «ከዛሬ ጀምሮ።»

ሲሳይ መዳፎቹን አፉ ዳር ዳር አድርጎ በዝናቡ ላይ ለፈፈ። ቅሬው በሙሉ ታዛው ሥር ስለነበረ፣ ከውጭ ሆኖ የሰማው ባዶው ድንኳን ብቻ ነው።